አሥራ አንድ ዓመት ያስተማርኩት ስህተት

ደሴ ውስጥ ስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ፒያሳ አካባቢ በተከራየናት አንዲት ክፍል አዋቂዎችን አስተምራለሁ። የሱቅ ሠራተኞች፣ አስተናጋጆች፣ ጡረታ የወጡ አንድ ሾፌር ይመጣሉ። ይህ ነገር በሆነበት ጊዜ ከሁሉም የምትተጋው ግን ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ልብስ የምትሰፋ፣ ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆናት፣ ደጋን ከምትባለው ከተማ የመጣች ሴት ነበረች። ፈረቃዋ ሲፈቅድላት የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ወጥታ ከሁሉም ቀድማ ትደርሳለች።

እንደ ኩዌስቸን ታግ፣ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ እንደምትቀጠለው አጭር ጥያቄ፣ የምወደው ትምህርት አልነበረም። እኛ «አይደል» ካልን ለሁሉም ይበቃናል፤ መጣህ አይደል፣ በላች አይደል፣ ይዘንባል አይደል። እንግሊዝኛ ግን ግሱን እያየ ይለዋወጣል። እኔም ተማሪ እንዳይደናገር አንድ አጭር ሕግ አበጅቼ ነበር፦ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ «ኖት» ከሌለ መጨረሻው ላይ ጨምሩ፤ ካለ መጨረሻው ላይ ተዉት። ለምሳሌ ሁልጊዜ የምጽፈው «ሺ ሃርድሊ ወርክስ፣ ደዝንት ሺ?» የሚለውን ነበር። ጠንክራ ትሠራለች፣ አይደል? ለማለት መስሎኝ ነው።

አንድ ቅዳሜ የደጋኗ ሴት ደስ ብሏት መጣች። ለመስመር ተቆጣጣሪነት ተወዳድራ ከውጭ አገር የመጡት ሥራ አስኪያጅ በእንግሊዝኛ ጠይቀዋት ነበር። ምን ዓይነት ሠራተኛ ነሽ ሲሏት ወደ አለቃዋ ዞራ «አይ ሃርድሊ ወርክ፣ ዶንት አይ?» እንዳለች ነገረችን። ሁለቱም ተያይተው ፈገግ አሉ አለች። ክፍሉ አጨበጨበላት። እኔም አጨበጨብኩ።

በሚቀጥለው ረቡዕ፣ በዕረፍት ሰዓት፣ መምህራን ክፍል ውስጥ ያችኑ «ሺ ሃርድሊ ወርክስ» ያስገባሁበትን የፈተና ጥያቄ እያዘጋጀሁ ነበር። ዘንድሮ የተቀጠረች ወጣት መምህርት አጠገቤ ተቀምጣ ወረቀቱን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ መልሱ ‹ደዝ ሺ› አይመስልዎትም?» አለችኝ።

ሕጌን ነገርኳት። አልተከራከረችኝም፤ መዝገበ ቃላቱን ብቻ ከመደርደሪያው አውርዳ ሰጠችኝ። «ሃርድሊ» ማለት እምብዛም፣ አለ ለማለት በማያስደፍር ሁኔታ ማለት ነው። «ኖት» ሳይጻፍበት አፍራሽ የሆነ ቃል ነው፤ ስለዚህ መጨረሻው አዎንታዊ ይሆናል። እኔ ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ትርጉሙንም መጨረሻውንም አበላሽቼ አስተምሬዋለሁ።

ጆሮዬ ጋለ። ቀጥሎ የመጣብኝ የዚያች ሴት ፊት ነው። ሰው ፊት ቆማ፣ በሙሉ ልብ፣ «ሥራ እምብዛም አልሠራም» ብላለች።

መቀመጥ አቃተኝ። ተነሥቼ መስኮቱ ጋ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ ደግሞ ተነሣሁ። ደወልኩላት፤ ሥራ ላይ ስልክ ስለማይፈቀድላቸው አላነሣችም። የቀረችኝን የከሰዓት ክፍለ ጊዜ ወጣቷ መምህርት እንድትሸፍንልኝ ለመንኩና ምሳ ሳልበላ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ሦስት ጊዜ ወርጄ ወጣሁ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ምን እንደምላት አስባለሁ፤ አንዱን ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ ሌላ እጀምራለሁ። ኮምቦልቻ ስደርስ ከደሴ የለበስኩትን ጃኬት እንኳን ማውለቅ ረስቼ በላብ ተነክሬ ነበር።

በር ላይ ፈረቃ እስኪቀየር ጠበቅሁ። ስምንት ሰዓት ሲሆን ሴቶቹ ተግተልትለው ወጡ። እሷ ስታየኝ ደነገጠች።

«ቲቸር፣ ደኅና ነዎት? ምን ሆኑ?»

እዚያው አጥሩ ሥር ቆመን ሁሉንም ነገርኳት። ፊቷን አላዞረችም። ከሻርፗ ጫፍ ላይ ክር እየመዘዘች ቆየችና፣ «ለካ ለዚያ ነው የሳቁት» አለች። ሰኞ ዕለት ሌላ ሰው መመረጡን እንደነገሯት ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

ገብቼ ለሥራ አስኪያጁ ላስረዳ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኳት። አልፈለገችም።

«እርስዎ ገብተው ቢናገሩልኝ መናገር አትችልም ነው የሚሉት። ትክክለኛውን ይንገሩኝና እኔው እገባለሁ።»

«አይ ወርክ ሃርድ፣ ዶንት አይ?» አልኳት። አምስት ስድስት ጊዜ ደጋገመችው። ከዚያ ከኪስ ደብተሬ ቅጠል ቀድጄ ሰጠኋት፤ በራሷ እጅ ጽፋ ተመልሳ ገባች። ዘበኛው ተቀመጥ ቢለኝም አልተቀመጥኩም፤ በአጥሩ ጥግ ስመላለስ ቆየሁ።

ስትወጣ ሥራ አስኪያጁ እንዳልነበሩ፣ ወረቀቱን ለጸሐፊዋ ትታ እንደመጣች ነገረችኝ። ይቅርታ ስጠይቃት «ይሁን» ብቻ አለችኝና ባጃጅ ይዛ ሄደች።

ቅዳሜ እሷ አልመጣችም። ለቀሩት ስህተቴን ነገርኳቸው፣ ሰሌዳው ላይም አስተካክዬ ጻፍኩ። ጡረተኛው ሾፌር እጃቸውን አወጡና፣ «ታዲያ ሌላስ ምን የተሳሳተ አስተምረኸናል?» አሉኝ። አላውቅም አልኩ። የዚያን ዕለት አዲስ ትምህርት አልጀመርንም፤ የድሮውን ደብተር ከፊት ገልጠን አንድ በአንድ ስንመረምር ዋልን። ሌሎች ሁለት ስህተቶች አገኘን።

ከሁለት ወር በኋላ ስልክ ደወለች። አዲስ የሚቀጠሩ ሰፊዎችን እንድታሠለጥን መድበዋታል። ወረቀቱ ይርዳት አይርዳት እሷም አታውቅም። ቅዳሜ ስለምትሠራ ከእንግዲህ እንደማትመጣ ነገረችኝ።

«ተቀይመሽኛል?» አልኳት።

«ወላሂ ተቀይሜ ነበር» አለች። «መጥተው ባይነግሩኝ ኖሮ ግን እስከዛሬ እንደዚያው እያልኩ እኖር ነበር።»

ይህን ካለችኝ በኋላም አላረፍኩም። በአሥራ አንዱ ዓመት ያስተማርኳቸው ልጆች ዛሬ የት እንዳሉ አላውቅም። ክፍል ከመግባቴ በፊት አውቀዋለሁ የምለውን ቃል ሳይቀር መዝገበ ቃላት ላይ አያለሁ፤ የፈተና ወረቀቴንም ለወጣቷ መምህርት ሳላሳይ አላባዛም።