ግምታችንን ጎባ ላይ ስንመዝን

ከአዲስ አበባ የተነሣነው እኔና የሥራ ባልደረባዬ ደሳለኝ ነን። ጎባ ለሚገኝ የጤና ሠራተኞች ማሠልጠኛ የሥነ ልቦና መጠይቅ አዘጋጅተን ነበር፤ ከአመልካቾቹ ማን ሥልጠናውን እንደሚጨርስ፣ ማን እንደሚያቋርጥ የሚተነብይ። ማሠልጠኛው ከእንግዲህ በዚሁ ሊመርጥ አስቧል። እኛ ግን በትንበያው ትክክለኛነት አልተስማማንም። ደሳለኝ የትንበያውን ቀመር በሠራባቸው በቀድሞዎቹ ሠልጣኞች ላይ መልሶ ፈትኖ «እምብዛም አይስትም» ይላል። እኔ ሠልጣኞቹን በቡድን ከፍዬ፣ አንዱን ቡድን ለብቻ እያቆየሁ ቀመሩን በሌሎቹ ሠራሁ፤ ከዚያ ባቆየሁት ቡድን ላይ ፈተንሁት። ብዙ ሳተ። ዳኛችን አዲሱ ዙር ነው፤ ሠልጣኞቹ መጠይቁን ሞልተው ሁሉም ያለ ምርጫ ገብተዋል፤ አሁን ሥልጠናው አልቋል።

ወደ ሮቤ

ዶዶላንና አዳባን አልፈን ዲንሾ ስንደርስ ብርዱ አጥንት ሰብሮ ገባ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ገብስ ብቻ ነው። ደሳለኝ ጋቢውን እያካፈለኝ እንኳ ክርክሩን አልተወም። ሮቤ አደርን። ጠዋት በቅቤ የራሰ ጭኮ በልተን ጎባ በሚወጣው ሚኒባስ ተሳፈርን።

ጎባ

የማሠልጠኛው ኃላፊ ወይዘሮ አስቴር በር ላይ ተቀበሉን። አያታቸው ከሸዋ ከዘመተው ጦር ጋር መጥተው እዚሁ የከተሙ ናቸው።

«አካም ቡልተኒ? ደኅና አደራችሁ?» አሉና ወዲያው ወደ ጉዳዩ ገቡ። «ከተራራው ማዶ ከሪራ ጫካ ድረስ የሚመጡትን ልጆች በዚህ ወረቀት ልመልሳቸው ወይስ አልመልሳቸው? እሱን ንገሩኝ።»

«ዛሬ እንነግርዎታለን» አልኳቸው።

የመጠይቁን ትንበያ ከተመራቂዎቹ ዝርዝር ጋር ስናስተያይ ረፈደ። ትንበያው ደጋግሞ ስቷል፤ ልክ እኔ በገመትኩት መጠን። ደሳለኝ እጁን ዘረጋልኝ።

«አሸነፍሽ» አለ። ተነሥቼ አጨበጨብኩ፤ ራሴን መቆጣጠር አልቻልኩም።

በረንዳው ላይ ከሪራ የመጣች ፋጡማ የምትባል ተመራቂ ጠበቀችኝ።

«እኔንስ መጠይቁ ምን ብሎኝ ነበር?»

«ታቋርጣለች።»

«ወላሂ? አባቴም እንደዚያው ብሎ ነበር!» ብላ ሳቀች።

ወይዘሮ አስቴር ሰሙ። «በዚህ ማንንም አልመልስም» አሉ። «ማን እገዛ እንደሚያስፈልገው ለማወቅ ግን ይጠቅመኛል።»

ቤት

አዲስ አበባ የገባሁት ደክሞኝ፣ ግን እየዘፈንኩ ነው። ቀመር የሚመሰገነው በሚያውቃቸው ሰዎች ፊት አይደለም፤ አይቷቸው በማያውቃቸው ሰዎች ፊት ቆሞ ሲፈተን ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ድሮም አስተምር ነበር። አሁን ግን ሳስተምረው የማየው የፋጡማን ሳቅ ነው።