አንድ ጊዜ ቀኝ፣ ሁለት ጊዜ ግራ

አባቴ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ረዥምና ቀጭን ስለነበረ ሰፈርተኛው «አንቴና» ይለዋል፤ እሱም ስሙን ወዶት የሱቁ በር ላይ ጽፎታል። ሱቁ ከደረጃ ሥር የተሸጎጠች አንዲት ክፍል ነበረች። ከመጋረጃው ወዲህ የደንበኛ ሬዲዮ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ራሱ የሚሠራው፣ በሬዲዮ የሚታዘዝ ትንሽ አውሮፕላን። ለአንድ ሬዲዮ ደንበኛውን ሳምንት የሚያመላልስ ሰው፣ ለአውሮፕላኑ ክንፍ ሲሆን ምሳውን ይረሳል።

ዛሬ አውሮፕላን ከነካርቶኑ ገዝተው፣ ባትሪ ሰክተው ወዲያው ለሚያበርሩ ሰዎች ይህን ማስረዳት ከባድ ነው። ያኔ ሁሉም የእጅ ሥራ ነበር። አባቴ መቆጣጠሪያውን የሠራው በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው፤ ያለው አንድ ቁልፍና ከእኔ ቁመት የሚበልጥ አንቴና ብቻ። ቁልፉን አንድ ጊዜ ሲጫኑት አውሮፕላኑ ወደ ቀኝ ይዞራል፣ ሁለት ጊዜ ሲጫኑት ወደ ግራ። ሞተሩን ማጥፋት እንኳ አይቻልም፤ ነዳጁ ሲያልቅ ራሱ ይጠፋል፣ ከዚያ በኋላ እየተንሳፈፈ ሲወርድ መምራት ነው። መሪውን የሚያንቀሳቅሰው ሆዱ ውስጥ የተወጠረ ላስቲክ ስለሆነ፣ ከመነሳቱ በፊት ላስቲኩ መጠምዘዝ አለበት። ጠምዛዧ እኔ ነበርኩ።

ምን ያልሆንኩት አለ? ክንፉን በብርጭቆ ወረቀት የማለሰልሰው እኔ፣ የጉሎ ዘይቱን ከነዳጁ የምቀላቅለው እኔ፣ ፕሮፔለሩን በጣቴ መትቼ ሞተሩን የማስነሳው እኔ። ሌባ ጣቴ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያ ነው። እሑድ ጠዋት ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ወዳለው ሜዳ እንወጣለን፤ አውሮፕላኑን ከትከሻዬ በላይ ይዤ ሮጬ እለቀዋለሁ። ሲነሳ ከሥሩ እሮጣለሁ። የተቃጠለው ዘይት ሽታ እስከ ሰኞ ፀጉሬ ላይ እንዲቆይ ብዬ ሳልታጠብ እተኛ ነበር። እስከ ዛሬ እንደዚያ የምወደው ሽታ የለም፤ በዚህም ራሴን እታዘባለሁ።

የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ያንን ቁልፍ ይዤ አንድ ቀን እኔ ራሴ ማብረር። በአሥራ አንድ ዓመቴ ስጠይቀው የሚቀጥለው እሑድ አለኝ። በአሥራ አምስት ዓመቴ ነፋስ አለ አለኝ። ሃያ ሲሞላኝ ደግሞ ቁልፉ ስሜት ያለው እጅ ይፈልጋል አለኝ፤ ያ እጅ የት እንደሚሸጥ ግን አልነገረኝም። እናቴ ልብስ እያጣጠፈች «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ትለኛለች። ያኔ ያስቀኝ ነበር።

ከዚያ ጥርስ ሐኪሙ መጣ። የተበላሸ ሬዲዮ ይዞ የገባ ደንበኛ ነው፤ በመጋረጃው ክፍተት ክንፉን አየና፣ ጋሼ ይኼ ነገር እውነት ይበራል ወይ ብሎ ጠየቀ። አባቴ እንደዚያ ፊቱ ሲፈታ አይቼው አላውቅም። በሦስተኛው እሑድ መቆጣጠሪያው ጥርስ ሐኪሙ እጅ ላይ ነበር። አባቴ ከኋላው ቆሞ ትከሻውን ይዞ ያስተምረዋል፤ ሲርቅ ቀላል ነው፣ ወደ አንተ ሲመጣ ግን ፊቱን ስላዞረ የእሱ ግራ ላንተ ቀኝ ይሆናል፣ ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ ጀርባህን ስጠውና በትከሻህ ላይ እየው ይለዋል። ጥርስ ሐኪሙ ሁለቴ ከሰከሰው። ሁለቱንም ጊዜ ስብርባሪውን ለቅሜ ያጣበቅሁት እኔ ነኝ፤ አባቴ ግን እየተማረ ነው አለ። ለእናቴ ስነግራት ተረቷን ቀየረች፤ «የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» አለች።

ይባስ ብሎ ጥርስ ሐኪሙ ደግ ሰው ነበር፤ ልጠላው እንኳ አልተመቸኝም። አንድ ቀን ተራው የአንቺ ነው ብሎ መቆጣጠሪያውን ሊያቀብለኝ ሲል አባቴ መሀል ገብቶ ተቀበለው።

ዓመታት አለፉ። አገባሁ፣ ወለድኩ፤ በአንድ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ጥገና ክፍል ኃላፊ ሆኜ አሥራ አራት ወንድ አዝዛለሁ። እናቴ ሞተች። የአባቴን ዐይን ሞራ ጋረደው፣ ቀዶ ሕክምናውም አልያዘለትም። ሱቁ ተዘጋ።

አንድ እሑድ ጠዋት ደውሎ፣ ነይ እናብርር አለኝ። ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነበር፤ እንደ ልጅ እየተጣደፍኩ ጫማዬን ሳላስር ወጣሁ። ሰውዬው አያይም፣ እንግዲህ ከእኔ ሌላ ማን ሊያበርር ነው? አርባ ዓመት የጠበቅሁት እሑድ መጣ አልኩ።

ሜዳው ላይ ላስቲኩን ጠመዘዝኩ፣ ሞተሩን አስነሳሁ፣ እጄን ዘረጋሁ። እሱ መቆጣጠሪያውን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘ።

«አንቺ ዐይኔ ትሆኛለሽ» አለኝ። «በአውሮፕላኑ ቀኝና ግራ ንገሪኝ፣ እኔ እጫናለሁ።»

ቆሽቴ አረረ፤ ቢሆንም ሮጬ ለቀቅሁት። ሞተሩ እስኪጠፋ ድረስ ድምፁን እየተከተለ አሳምሮ አበረረው፣ እኔ ብዙም አላስፈለግሁትም። ነዳጁ አልቆ ጸጥ ሲል፣ ፊቱን እንዳንጋጠጠ፣

«እኔ ስሞት ይኼን ለጥርስ ሐኪሙ ስጪልኝ» አለ። «እሱ እጁ ያውቃል።»

አውሮፕላኑ ወደ እኛ እየመጣ ነበር። ወደ ራሱ ግራ አጋድሏል፤ የሚቃናው በቀኝ፣ ማለት አንድ ጊዜ ብቻ በመጫን ነው። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። አርባ ዓመት ቆሜ ሳይ የኖርኩት ይህንኑ ነው።

«የቱን ልጫን?» አለኝ።

«ግራ» አልኩት።

ሁለት ጊዜ ተጫነ። አውሮፕላኑ ይብሱን አጋደለና የፋብሪካው የጡብ ክምር ላይ ተሰባበረ። ድምፁን ሰማው። ቢቆጣኝ ኖሮ ሆን ብዬ ነው ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እሱ ግን ክርክር እንደረታ ሰው ፈገግ አለ፤ በዳበሳ ክንዴን ፈልጎ ያዘኝ።

«አየሽ ልጄ?» አለኝ። «ለዚህ ነው ያልሰጠሁሽ።»

በስምንተኛው ወር ሞተ። እስከዚያ ድረስ ለመጣ ጠያቂ ሁሉ፣ ጥርስ ሐኪሙን ጨምሮ፣ ልጄ ቀኝና ግራው ተምታቶባት ነው፣ አልተቀየምኳትም እያለ ያወራ ነበር። እኔም አልጋው አጠገብ ተቀምጬ፣ አዎ፣ ተምታቶብኝ ነው እላለሁ።