ከወንበሩ የማይነሳው ሽማግሌ

በልጄ አጭር ፊልም ውስጥ ሰው ሆዱን ይዞ የሚስቀው አባቴ ላይ ነው። እኔ ግን እዚያ ቦታ ላይ ሳቄ አይመጣም።

ፊልሙ የኮሌጅ መመረቂያዋ ነው። እዚሁ እስራኤል፣ ረሆቮት ከተማ፣ አንድ ያገለገሉ ዕቃዎች መሸጫ ውስጥ፣ ትንሽ ነካ ያደረጋቸው ደንበኞች ሲተራመሱ ያሳያል። አንዲት አሮጊት የግራ እግር ጫማ ብቻ እየለኩ ይዞራሉ፤ የተጫወቱት ጎረቤታችን ናቸው፣ አባቴን በዕድሜ ይበልጡታል። አባቴ ደግሞ ለሽያጭ የቀረበ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሰው እንዳይገዛው የሚጠብቅ ሽማግሌ ነው። ቀልዱ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሱቁ ቢገለበጥ ሰውዬው አይነሳም።

ባለሱቁ የፈቀደልን ዓርብ እስከ ቀትር ነበር። አንድ ትዕይንት ቀርቷል፤ እሱ ከሌለ ፊልም የለም። አሮጊቷ ገቡ። አባቴ ብድግ ብሎ «ኖር» አላቸው። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው «በእግዜር» አሉና ካሜራ የያዙት ልጆች በሳቅ ፈረሱ። እንደገና ተጀመረ፤ እንደገና ተነሳ። ታላቅ ሰው ሲገባ አባቴ ተቀምጦ አያውቅም፤ ሊያስብበት ሳይደርስ እግሩ ይቆማል። ቆይቶ የሚስቅ ጠፋ። ባለሱቁ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ሰዓቱን ያያል። ልጄ በዕብራይስጥ «ሳባ» እያለች በምትጠራው አያቷ ላይ ሰው ፊት ጮኸች።

«ሳባ፣ ዳይ፣ በቃ። መቀመጥ ብቻ እኮ ነው የተባሉት። ፊልሜን ገደሉብኝ።»

በጥፊ ላጮላት ቃጣኝ። ግን ልፋቷንም አውቃለሁ፤ ቢሉ ሴንተር የገበያ ማዕከል ቀኑን ሙሉ ቆማ እየሠራች ነው የተማረችው። ለማን ልቆጣ?

አባቴ ወደ እሱ ጠራኝና ከተሰቀሉት ሻርፖች አንዱን አምጥቼ ወገቡን ከወንበሩ ጋር እንዳስረው በጆሮዬ ነገረኝ። እንቢ አልኩ። ሰንበት ሊገባ ነው፣ ልጅቷን አታስለቅሻት አለኝ። አባቴን በገዛ እጄ አሰርኩት፤ ብርድ ልብስም ከላይ ጣል አደረግሁበት። እፍረቱ ፊቴን አቃጠለው።

አሮጊቷ ገቡ። አባቴ ወደፊት ሲሳብ ሻርፑ መልሶ ጎተተው። እሳቸው ፊቱ ትንሽ ቆም አሉ፣ ከዚያ አንገታቸውን ደፍተው አለፉ። እሱም ወለል ወለሉን አየ። አሁን ተመልካች የሚስቀው ይህን ፊቱን እያየ ነው።

ልጄ እየዘለለች መጥታ አቀፈችው። ብርድ ልብሱ ተንሸራቶ ወደቀና ቋጠሮውን አየች። መጀመሪያ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ እሱን። እንባዋ መጣ።

«ሳባ፣ ለምን አልነገሩኝም?»

«ነገርኩሽ እንጂ፣ የኔ ልጅ» አላት። «ስነሳ እያየሽኝ ነበር።»