አጎቴ እየወደቀ የነገረን ፊልም

ልጅ ሳለሁ ሲኒማ የሚባለውን ነገር ያወቅሁት በአጎቴ ጉልበት ነው። ሲቀላ በሚባለው ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ በነበረችው ቤታችን፣ ሸማ በሚሠራበት ጉድጓድ ውስጥ መርገጫውን ሲረግጥ የዋለ እግሩን እየጎተተ ይገባና፣ ፊቱን ታጥቦ ኩራዙን ከመደርደሪያው አውርዶ መሬት ላይ ያስቀምጠዋል። ኩራዙ መሬት ሲሆን የአጎቴ ጥላ ግድግዳውን ይሞላል። ያኔ እኔና ታናሽ እህቴ አስቴር ፊልም ሊጀመር መሆኑን እናውቃለን።

ጋሽ ባሳ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነበር። በወጣትነቱ ከትውልድ አገሩ ከደጋው ኦቾሎ ወርዶ አዲስ አበባ ገባና በንጉሡ ዘመን ብዙ ዓመት ሸማ ሠራ። አባቴን ወባ ሲገድልብን፣ እናቴን ከሦስት ልጆች ጋር ብቻዋን አልተዋትም ብሎ ዕቃውን ጠቅልሎ መጣ። ከዚያ ትልቅ ከተማ ያመጣልን ሀብት አልነበረም፤ እሁድ እሁድ ሲኒማ ቤት ገብቶ ያያቸውን፣ ሰው የማይናገርባቸውን የቂላቂል ፊልሞች ነው ያመጣልን። አንድ ቀጭን ሰው መሰላል ተሸክሞ ይመጣል። ሲጠሩት ዞር ይልና በመሰላሉ ጫፍ ወፍራሙን አለቃውን ይመታዋል፤ ይቅርታ ሊጠይቅ ሲዞር ደግሞ ፖሊሱን ይደግመዋል፤ በመጨረሻ ራሱ ተንሸራቶ ኖራ የተበጠበጠበት በርሜል ውስጥ ይገባል። ታሪኩ ይኸው ነው። አጎቴ ግን ረጅም እንጨት በትከሻው አድርጎ ሁሉንም ሰው ራሱ ይሆናቸዋል፤ ሲወድቅም የምሩን ይወድቃል። ከሁላችን በላይ የሚስቀው ታላቅ ወንድሜ ታምራት ነበር፤ ሆዱን ይዞ «በቃህ ጋሽዬ፣ ልሞት ነው!» ይል ነበር።

በደርግ ጊዜ ታምራትን ከገበያ አፍሰው ለውትድርና ወሰዱት። እናቴ ስንቅ ቋጥራ ቀበሌ ስትደርስ መኪናው የምዕራብ ዓባያን መንገድ ይዞ ሄዷል። ደብዳቤ አልመጣም። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቤት ውስጥ ትዘምር ነበር፤ ቆይቶ እሱንም ተወችው። አጎቴም ኩራዙን ከመደርደሪያው ማውረድ ተወ።

ወራት አለፉ። አንድ ማምሻ እናቴ ለራት የበቆሎ ዱቄት እያድበለበለች፣ እንደ ጎመን የምንበላው የሽፈራው ቅጠል ከፍሙ ላይ እየተንተከተከ፣ አስቴር «ጋሽዬ፣ መሰላሉን» አለችው።

«ዛሬ ደክሞኛል ልጄ።»

እሷ ግን ማልቀስ ጀመረች። አጎቴ ሊነሣ ሲል እናቴ ሳትዞር «ይተዉ ጋሽ ባሳ» አለች። «ልጄ የት እንደወደቀ ሳላውቅ በዚህ ቤት በመውደቅ አይሳቅም።»

አጎቴ፣ ጭሱ ዓይኑን አቃጥሎት ይሁን ሌላ፣ በጋቢው ጫፍ ጠረገው። ከዚያ «አንቺ አትሳቂ፣ አበበች። ልጆቹ ግን ይሳቁ» አለና ኩራዙን መሬት አስቀመጠ።

አለቃውን መታ፤ ፖሊሱን መታ። ሦስተኛ ሲዞር ጉልበቱ ከዳው። እንዳይወድቅ ቤት ውስጥ የተወጠረውን የልብስ ማስጫ ገመድ ያዘ፤ ገመዱ ከነልብሱ ተበጥሶ መጣና አጎቴ ውሃ የተሞላው ሳፋ ውስጥ ዘጭ አለ፤ የእናቴ ቀሚስ ራሱን ሸፈነው። እኔና አስቴር በሳቅ ፈረስን። እሱ ግን አልተንቀሳቀሰም። ሳቃችን ቆመ።

«ጋሽ ባሳ!» ብላ እናቴ ዱቄት በዱቄት በሆነ እጇ ሮጠች።

ከቀሚሱ ሥር «ኖራው ዛሬ ቀዝቅዟል» የሚል ድምፅ ወጣ።

እናቴ ሳቀች። የበሩን መቃን ይዛ፣ ትንፋሽ እስኪያጥራት ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ ሳናውቀው ለቅሶ ሆነ። «እኔ ምን ዓይነት እናት ነኝ?» አለች። «ልጄ እዚያ ሆኖ!»

አጎቴ ቀሚሱን ከፊቱ ገለጠ። «አዲስ አበባ ሳለሁ ከጉድጓድ ስወጣ እግሬ የኔ አይመስለኝም ነበር። ሲኒማ ቤት ስገባ ያ ሞኝ በኔ ፋንታ ይወድቅልኛል፤ በኔ ፋንታም ይነሣልኛል። እንደዚያ እያልኩ ሰኞን እችለው ነበር። አንቺም የሳቅሽው ነገን እንድትችይው ነው እንጂ፣ ልጅሽን ረስተሽ አይደለም። በይ አሁን አንሺኝ፤ የምሬን ነው፣ መነሣት አቃተኝ።»

ለሦስት አነሣነው። ጉልበቱ ግን ከዚያ ወዲህ አልዳነም፤ በምርኩዝ ሄደ፣ ሸማውንም እያረፈ ሠራ። እናቴ ሌሊቱን በጨው ውሃ ስታሸው እንደነበር፣ ስታሸውም ቀስ ብላ ትዘምር እንደነበር አስታውሳለሁ።

ደርግ በወደቀበት ዓመት ታምራት በእግሩ መጣ። ከስቶ ነበር፤ ስንጠይቀው አይመልስም፤ ጫማውን ሳያወልቅ ይተኛል። አንድ ምሽት አጎቴ መደብ ላይ እንደተቀመጠ፣ በእጆቹ ብቻ፣ የመሰላሉን ፊልም ነገረው። ታምራት አልሳቀም። ሲያልቅ ግን ቀና ብሎ «ከዚያስ? ሰውየው ተነሣ?» አለው።

«ተነሣ እንጂ» አለ አጎቴ። «ኖራውን አራግፎ ሄደ።»

ያን ምሽት ወንድሜ ጫማውን አውልቆ ተኛ።

ዛሬ ከሥራ ደክሜ ስገባ፣ አንዳንዴ ቴሌቪዥኑ እነዚያን የድሮ ፊልሞች ያሳያል። ልጆቼ ሰውየው ሲወድቅ ይስቃሉ፤ ሌላ ጣቢያ ሊቀይሩ ሲሉም «ቆይ፣ ትንሽ ቆዩ» እላቸዋለሁ። ምን እንደምጠብቅ አያውቁም። ሰውየው እጁን መሬት ላይ ተክሎ፣ ወገቡን አቅንቶ ሲቆም ሳይ፣ እኔም ሄጄ እተኛለሁ።