ለዝይ አደን መደበቂያ ፍለጋ፦ ከቮስሎሩስ እስከ ዴልማስ

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከምንኖርበት ሰፈር ከቮስሎሩስ ተነሣን። ሁለት ነን፤ እኔና የሱቄ ቤት አከራይ ባባ ንኮሲ። የሄድንበት ጉዳይ ለሰሚው እንግዳ ነው፤ ዝይ የሚያድን ሰው ገላጣ ማሳ ላይ ተኝቶ የሚደበቅበትን የጨርቅ መደበቂያ ለመምረጥ ነው። አዳኞቹ ሌይአውት ብላይንድ ይሉታል። ከመሬት ብዙም ከፍ አይልም፤ ሰው በጀርባው ይተኛበታል፤ ሲታጠፍ ይታዘላል።

እኔ የሆሳዕና ልጅ ነኝ። ስፓዛ በሚሉት የሰፈር ሱቅ ውስጥ ዳቦና የስልክ ካርድ ስሸጥ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል፤ ጠመንጃ ተኩሼ አላውቅም። ባባ ንኮሲ ግን ከማዕድን ሥራ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ የዚህ አገር ደረቅ ክረምት በመጣ ቁጥር ዝይ ያድናሉ። ድሮ በአካፋ ጉድጓድ ቆፍረው ጆንያ ደርበው ይተኙ ነበር። ባለፈው ጥር ኮቪድ ይዟቸው ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ከረሙ። አሁን ሦስት አካፋ አፈር ካነሡ ይቀመጣሉ። «የምሸከመውን አንተ ትሸከምልኛለህ፤ ና እንሂድ» አሉኝ። አንድ ጊዜ የሰፈራችን ሱቆች ሲዘረፉ በሱቄ በር ላይ ወንበር አውጥተው የተቀመጡ ሰው ናቸው። ና ካሉኝ አልቀርም። ሱቁን ለባለቤቴ ለአስቴር ትቼ ወጣሁ።

እውነቱን ለመናገር፣ ደክሞኝ ነበር። በዚያ ሰሞን ያልደከመው ማን ነበር? ባኪ የሚሉትን የባባን አሮጌ ፒክአፕ እየነዳሁ በመቃብር ሥፍራው በኩል ስናልፍ፣ ገና ሣር ያላበቀለው አዲስ አፈር እስከ አጥሩ ደርሷል። ሁለታችንም ወደዚያ አላየንም።

ቦክስበርግ፣ አራት ሰዓት

መንገድ ዳር ማግዊንያ ገዛን፤ የእኛን ቦምቦሊኖ የሚመስል ነው። ትኩስ ሻይ ይዘን መኪናው ውስጥ በላን። የሰኔ ብርድ ጣት ይቆርጣል።

የአደን ዕቃ የሚሸጠው ሰውዬ ሁለት ማስክ ደርቦ ከበሩ አልፎ አልመጣም። ሁለት ዓይነት መደበቂያ ሲሚንቶው ላይ ዘረጋልን። አንደኛው የብረት ክፈፍ ያለው፣ ውሃ የማያስገባ ወለል፣ ከራስ በላይ የሚገጠሙ ሁለት መዝጊያዎች፣ ከእግር እስከ ደረት የሚሄድ ዚፕ። ዋጋው ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ራንድ፤ ከባድ ነው። ሁለተኛው የጀርባ መደገፊያና እግርና ሆድ የሚሸፍን መረብ ብቻ ነው፤ ከደረት በላይ ክፍት ነው። አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ።

ባባ ጎንበስ ብለው መረቡን ዳሰሱት።

«ባባ፣ ይሄ ፊትዎን አይሸፍንም» አልኳቸው። «ዝይ ፊት ይለያል ብለው የነገሩኝ እርስዎ ነዎት።»

«ልክ ነህ፣ ንዶዳና።» ልጄ ማለታቸው ነው።

«ያኛው ብርድም አያስገባም። ሳንባዎን ያስቡ እንጂ። እስቲ ገብተው ይተኙበት።»

«እዚህ ሲሚንቶ ላይ አልተኛም። ማሳው ላይ እናየዋለን።»

ሻጩ ጭቅጭቃችንን ሰምቶ ሁለቱንም በኪራይ እንድንወስድና የወደድነውን እንድናስቀር ተስማማ። እኔ ግን በልቤ መርጬ ጨርሻለሁ። ከባዱን አስቀድሜ ጫንኩት፤ ቀላሉን ከላዩ ጣል አደረግኩ።

ዴልማስ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል

ሀይዌዩን ይዘን ወደ ምሥራቅ ስንሄድ ሜዳው ተከፈተ። ግራና ቀኝ የታጨደ በቆሎ፣ አገዳው በቁርጭምጭሚት ከፍታ የተቆረጠ፣ አንድ ዛፍ የማይታይበት። የምንሄድበት እርሻ የአንዲት ነጭ አሮጊት ነው፤ ሰው ሁሉ ታኒ ኤልሳ ይላቸዋል፣ አክስት እንደማለት። ባባ በታመሙበት ወር ባላቸውን ቀብረዋል። ከበሩ ማዶ ቆመው ተቀበሉን።

«ዝዮቹ ለከብቶቼ የዘራሁትን አጃ እየነቀሉ ፈጁት» አሉ። «ማታ ማታ የወዳደቀ በቆሎ ሊለቅሙ እዚያ ታች ይወርዳሉ። ንኮሲ፣ ጤናህስ?»

«ድኛለሁ» አሉ ባባ።

«እኔም» አሉ ታኒ ኤልሳ፣ ያልታመሙት ሴትዮ። ከዚያ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ማሳው ላይ

ባባ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው አዘዙኝ። ነፋሱ ከኋላችን እንዲሆን፣ ምክንያቱም ዝይ ሲያርፍ ነፋሱን ፊት ለፊት ይገጥማል። አዲሱ ጨርቅ እንዳያበራ በጭቃ ለሰንኩት። በላዩ የተሰፉት ማሰሪያዎች ውስጥ የበቆሎ ቅጠልና አገዳ ሰካሁ። የእውነቶቹን እንዲያማልሉ ባባ ያመጧቸውን አሥራ ሁለት የፕላስቲክ ዝዮች ፊት ለፊት ደረደርኩ። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ፤ ወገቤ ተቆረጠ። ዘወር ብዬ ሳይ ግን ከባዱ መደበቂያ ከማሳው አይለይም። ኮራሁ።

«በሉ ይግቡ፣ ባባ። ጠመንጃውን ተደላድለው ከተኙ በኋላ አቀብልዎታለሁ።»

ገቡ። ቀስ ብለው በጀርባቸው ተኙ። ዚፑን ከእግራቸው ጀምሬ እስከ ደረታቸው ሳብኩት። መዝጊያዎቹን ገጠምኩ።

ከሩቅ የዝዮች ጩኸት ተሰማ። ሠላሳ የሚሆኑ በእርሻው የውሃ ግድብ በኩል ዝቅ ብለው ይመጣሉ። ጠመንጃውን ላነሣ ጎንበስ ስል መደበቂያው ተናወጠ።

«ቩላ! ቩላ!» ክፈት፣ ክፈት ይላሉ።

መዝጊያው ከውስጥ ተገፍቶ ተበረገደ፤ እግራቸው ግን ዚፑ ውስጥ ተይዟል። ዚፑ ጨርቅ ነክሶ እምቢ አለኝ። ፊታቸው አመድ መስሏል፣ አፋቸው አየር ይፈልጋል። በሁለት እጄ ይዤ ቀደድኩት። እየጎተትኩ አወጣኋቸው። ዝዮቹ ጮኸው ዞሩ፤ ሄዱ።

ሁለታችንም መሬት ላይ ተቀመጥን። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ድረስ ጀርባቸውን ያዝኩ።

«ጠቦዎት ነው?»

«አይደለም» አሉ። «ዚፑ ነው። ሆስፒታል ሳለሁ አጠገቤ ያለ ሰው ሲሞት መጋረጃ ይስባሉ። ከዚያ ከረጢት ውስጥ አድርገው ይዘጉታል። በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ዓይንን በመጋረጃ ትጋርዳለህ፤ ጆሮን በምን ትጋርዳለህ?»

ያንን ዚፕ በገዛ እጄ እስከ ደረታቸው የሳብኩት እኔ ነኝ። መሬቱ ቢውጠኝ በወደድኩ።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ማን ጠየቀኝ? ሰው ሁሉ ዳንክ ወይ ይለኛል፤ ድኛለሁ እላለሁ።»

ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ለማንም በወጉ ያልተናገርኩትን ነገርኳቸው። አባቴ በዚሁ በሽታ ሆሳዕና ውስጥ ሞቷል። መንገድ ተዘግቶ አልሄድኩም። በማግስቱ ሱቄን ከፍቼ ዳቦ ሸጥኩ።

«እንዴት ቀበሩት?» አሉኝ።

«አላውቅም። አልጠየቅኩም።»

ባባ ቀና ብለው አዩኝ፤ አስተያየታቸው ፍርድ አልነበረበትም።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ቀላሉን መደበቂያ ዘረጋሁላቸው። ጀርባቸውን ደግፈው፣ መረቡን እስከ ሆዳቸው ስበው ተቀመጡ። የባርኔጣቸው ክፈፍ ላይ ደረቅ ቅጠል ሰክተው ወደ ዓይናቸው ዝቅ አደረጉት። እኔ ከእይታ ለመሰወር ከኋላቸው ዘወር ብዬ ዚፑ የተቀደደው ውስጥ ገባሁ። ጨለማ ነው፣ ይሞቃል፣ ነፋስ የለም፣ ስልክ የለም፣ ደንበኛ የለም። ለአንድ ደቂቃ ዓይኔን ልጨፍን አልኩ።

ሁለት ተኩስ ቀሰቀሰኝ። ስወጣ ሁለት ዝዮች ማሳው ላይ ወድቀዋል፤ ባባ ይስቃሉ፣ እስኪያስላቸው ይስቃሉ።

«አንኮራፋህ! ያንን ሰምተው ነው የወረዱት፤ ዘመዳቸው መስለሃቸዋል።»

መልስ

ሻጩ ቤቱ ከሱቁ ጀርባ ስለሆነ አገኘነው። ዚፑን መቅደዴን ነግሬ የማሠሪያውን ዋጋ ከፈልኩ። ባባ ቀላሉን አስቀሩ።

«ፊት አይሸፍንም እኮ» አላቸው።

«ሰማይ ይታይበታል» አሉት።

ምሽት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቮስሎሩስ ገባን። አንዷን ዝይ ለእኔ ሰጡኝ። አስቴር ላባውን ስትነጭ እያማረረች የትኛውን እንደመረጥን ጠየቀችኝ፤ ሁሉንም ነገርኳት።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ስለ ዝይ አይደለም። ክብደቱን ጠይቄ ነበር፤ ዋጋውን፣ ወለሉን፣ ብረቱን ጠይቄ ነበር። የሚተኛበትን ሰው ምን እንደገጠመው አልጠየቅኩም።

በማግስቱ ጠዋት ለእናቴ ደወልኩ። በየሳምንቱ እደውላለሁ፤ ስለ ጤናዋና ስለ ዝናቡ አውርተን እንዘጋለን። የዚያን ቀን ግን፦

«እማዬ፣ የአባዬ ቀብር እንዴት ነበር?»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «እማዬ?» አልኩ።

«አለሁ» አለች። «ሥራ አለብህ?»

«የለብኝም።»

«እንግዲያው ተቀመጥ፤ ከዚያ ቀን ጠዋት ጀምሬ ልንገርህ።»