ከእጇ የማይወጣው ገመድ

ከመካነ ሰላም በተነሳው ሚኒባስ ውስጥ አንዲት ወጣት ከፊቴ ተቀምጣለች። ቦርሳዋን ጣራ ላይ እንዲጭነው ለረዳቱ ሰጠችው። ብርቱካንማውን ጥቅል ገመድ ሊወስድባት ሲል ግን «ይሄ ከእጄ አይወጣም» ብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

ወደ አቀስታ ስንቃረብ ብርዱ ሁላችንንም ጋቢ ውስጥ ከተተን። እሷ በስስ ጃኬት ናት፤ ትከሻዋ እንጨት ስትፈልጥ የኖረች ያስመስላታል። ድልድይ በደረስን ቁጥር መስኮቱን ከፍታ የሰኔውን ድፍርስ ውሃ ታያለች። ያኔ ጣቷ ጉልበቷ ላይ ይጠማዘዛል፣ በወንዙ ድንጋዮች መሃል መተላለፊያ እንደሚፈልግ።

አጠገቧ የተቀመጡት እናት ወዴት እንደምትሄድ ጠየቋት።

«ኡጋንዳ፣ እማማ። ክረምቱን በጎማ ጀልባ ቱሪስት ይዤ ወንዝ ልወርድ። ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ።»

«ማዶ ልታሻግሪያቸው?»

«አይ፣ ለመዝናናት ነው። ውሃው እየዘለለ በሚወርድበት አብረን እንወርዳለን።»

«ያ ረቢ! ሰው ወዶ ይገባበታል? ቢገለበጥባችሁስ?»

«ይገለበጣል። አዋሽ ላይ ሲያሠለጥኑን መጀመሪያ ያስተማሩን መገልበጡን ነው።»

«ወንዝ የወሰደው ሰው ይመለሳል እንዴ፣ ልጄ?»

ገመዱን በሁለት እጇ ጨበጠችው።

«ገመድ የሚወረውርለት ካለ ይመለሳል» አለች። «የእኛን ሰው ውሃ የወሰደው ጊዜ ግን ገመድ አልነበረንም።»

እናትየዋ የጋቢያቸውን እኩሌታ አለበሷት። «አብሽሪ» አሏት።

ቀጣዩ ድልድይ ላይ ስንደርስ መስኮቱን የከፈቱላት እሳቸው ናቸው።