ለአጋሮ መንገድ የተለካ ባትሪ

በሰፈራችን በጊንጆ ጉዱሩ አብዱልሃዲን የማያውቅ ሰው የለም፤ ካለም ባትሪ የሌለው ሰው ነው። እኔ ለጢፋ እባላለሁ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤቱ ነኝ። እሱ ሲያስነጥሰው ከቤቴ ሆኜ «ይርሐሙከላህ» የምለው እኔ ነኝ። ስለዚህ ስለሱ ሌላ ሰው ቢያወራላችሁ አትስሙ፣ እኔን ስሙ።

ድሮ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ሬዲዮ የሚያሠራ ሰው ሲጠፋ ወደ ባትሪ ዞረ። የሶላሩ፣ የሞተር ሳይክሉ፣ የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ባትሪ ሁሉ በረንዳው ላይ ይደረደራል። ከመርካቶ በርካሽ ያስመጣት አንዲት መሣሪያ አለችው፤ መዳፍ የምታክል፣ አናቷ ላይ ትንሽ ማራገቢያ፣ ፊቷ ላይ ቁጥር የሚያበራ መስታወት። እሱ «በላተኛዋ» ይላታል። በሁለት ሽቦ ከባትሪው ጋር ያገናኛታል፤ እሷም ኤሌክትሪኩን ቀስ እያለች ትበላለች፣ ትበላለች፣ ባትሪው ሲደክም ራሷ ታቆምና ምን ያህል እንደበላች በቁጥር ታሳያለች። ባትሪ ምን ያህል እንደሚይዝ በሌላ መንገድ አይታወቅም ይላል። «እንስራ ካልገለበጥሽው ስንት ጣሳ እንደሚወጣው በምን ታውቂያለሽ?» ይለኛል። ትልቅ ባትሪ ከሆነ ደግሞ ስትበላ ትውላለች። በላተኛዋ ባትሪውን ስትበላ ማራገቢያዋ የኔን ጆሮ ይበላል።

ሰው ወደሱ የሚመጣው እኮ እውነት ፈልጎ አይደለም፣ «ደህና ነው» እንዲባል ፈልጎ ነው። ጎሳዬ የሚባል ቡና ነጋዴ አንድ ባትሪ ይዞ መጥቶ «አዲስ ነው፣ ላዩ ላይ ተጽፏል» አለው። ሲለካው ዋለና «ጽሑፍ አያበራም፤ የሚይዘው ግማሹን ነው» ብሎ መለሰለት። ሰውየው ፊቱን አጥቁሮ ሄደ። «ምናለበት ትንሽ ብታለሳልስለት?» ስለው፣ «ለጢፋ፣ ጨለማ ውስጥ የሚቀመጠው እሱ እንጂ እኔ አይደለሁም» አለኝ። ድርቅ ያለ ሰው ነው ወላሂ! ግን የሚታመን።

ሚስቱ ረይሃና፣ አላህ ይርሐማት፣ የአጋሮ ልጅ ነበረች። ሳቂታ፣ ተጫዋች፣ እኔን እንኳን በነገር የምትረታ። በወጣትነቷ መጋዘን ውስጥ ቡና ስትለቅም ኖራለች። ኋላ ሳንባዋን ታመመች፤ ዳነች ሲባል ጠባሳው ቀረ፣ እያደር ትንፋሽ አጠራት። በመጨረሻ ሐኪሞቹ ያለ ኦክስጅን ማሽን መዋል አትችልም አሉ። ወንድሟ ማሽኑን ከጅዳ ላከላት። አየሩን እያጣራ በቀጭን ቱቦ ለአፍንጫዋ ይሰጣታል፤ ያለ መብራት ግን አይሠራም። ለመብራት መጥፊያ የሚሆን ባትሪ አብዱልሃዲ አልጋዋ ሥር አስቀምጦላት ነበር። የኛ ሰፈር መብራት ሲሄድም ቶሎ ስለሚመለስ እስከዚያው ያቆያት ነበር።

ያላቸው አንዲት ልጅ ናት፣ ኢፍቱ። አጋሮ ሙስዓብን አግብታ ብዙ ዓመት ልጅ ስትለምን ኖራ አምና ወንድ ወለደች። ስልኩ ሲደወል ረይሃና እልል ልትል ሞክራ ትንፋሿ አልበቃትም፤ እኔ ነኝ ያቀለጥኩላት።

በዚያው ዕለት «የኢፍቱ አባት፣ እንሂድ» አለችው። አራስ አርባዋ ሳይሞላ ከቤት አትወጣም፤ መሄድ ያለባት እናቲቱ ናት። እናቷ ያላረሰቻት አራስ ምኑን አራስ ሆነች? አጋሮ ደግሞ ሩቅ አይደለም።

«ባትሪውን ልለካው» አላት።

ለካው። በመንገድ ላይ ያደርሳታል፣ እዚያ ደርሰው መብራት ቢጠፋ ግን ብዙ አያቆያትም። የአጋሮ መብራት ከሄደ መቼ እንደሚመለስ ማን ያውቃል አለ። «አይበቃም፣ ረይሃና። ሌላ ልጨምርበት።»

«እሺ፣ ብቻ ቶሎ በል፣ ማሎ» አለች። ማሎ በኦሮምኛ እባክህ ማለት ነው። እሷ ማሎ የምትለው ነገሩ ከልቧ ሲሆን ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው እስከዛሬ የሚያንገበግበኝ። አንድ ባትሪ አገኘ፣ ለካው፣ ደካማ ነው ብሎ ጣለው። ሌላ ተዋሰ፣ ለካው፣ ይሄኛው ይሻላል ግን ይጎድለዋል አለ። ለመለካት አንድ ቀን፣ የተበላውን መልሶ ለመሙላት ሌላ ቀን። ረይሃና ልጁን በስልክ ታያለች። ኢፍቱ ስልኩን ፊቱ ላይ ስትደቅን ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ ሕፃኑ እያዛጋ አፉን እንደከፈተ ቀጥ ብሎ ይቀራል። «ለጢፋ፣ አፍንጫው የማን ነው?» ትለኛለች። ከዚያ ብዥታ ውስጥ አፍንጫ ማን ይለያል? «ያንቺ ነው» እላታለሁ።

አንድ ቀን አላስቻለኝም፣ እሳት ጎርሼ ገባሁበት። «አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ? ሴትየዋን ውሰዳት እንጂ! አላህ አለ አይደለም?»

«አላህማ አለ» አለኝ፣ ከሽቦው ቀና ሳይል። «እዚያ መብራት ጠፍቶ፣ አራስ ልጇ ፊት ታፍና ብትሞትስ? ያኔ ምን ልትይኝ ነው?»

ክፋት አይደለም እኮ፣ ፍርሃት ነው። ስታስል የያዘውን ጥሎ ወደሷ ይሮጣል። ሌላውን ነገር ሁሉ አላህ እጅ ላይ መጣል ይችላል፤ የሷን ትንፋሽ ግን ራሱ ካልያዘው ያመለጠው ይመስለዋል።

አርባው ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ባትሪዎቹ በቁ። ራሱ እየሳቀ መጥቶ ነገረኝ። ሚኒባስ ተከራየ። ረይሃና ቀሚሷን አስወጣች፣ ለሕፃኑ በዚያች ትንፋሿ የሠራችውን የክር ኮፍያ በፌስታል ጠቀለለች፣ ፀጉሯን እኔ ሠራኋት። ምን ልበላችሁ፣ እንደ ሙሽራ ነበረች።

ሊነሱ አንድ ቀን ሲቀራቸው ደግሞ «አንድ በአንድ ነው እንጂ አንድ ላይ አልለካኋቸውም» አለ። «ማሽኑ በሚበላው ልክ አንዴ ብቻ አብሬ ልሞክራቸው። ከነገ ወዲያ እንሄዳለን።»

ራሴን ያዝኩ። «ያ ረቢ! የሚበቃህ መቼ ነው?» አልኩት። ረይሃና ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።

በላተኛዋን ሰካት። ስትበላ ዋለች። ይበቃል ተባለ፤ ባትሪዎቹ ግን ባዶ ቀሩ፣ እንደገና መሙላት ጀመረ።

በማግስቱ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በፊት ትንፋሿ ከበዳት። ማሽኑ ይሠራል፣ መብራቱ አለ፣ አንዴ እንኳን ብልጭ አላለም። እኔና አብዱልሃዲ ግራና ቀኝ ይዘናት ነበር። ታክሲ ጥሩ እያልኩ እጮሃለሁ። እሷ እጁን ጨበጠችና «የኢፍቱ አባት» አለችው፣ «መሞቴንማ አውቄው ነበር። እዚያ ልሙት ነው ያልኩህ።» ሸሃዳዋን፣ የእምነት ቃሏን፣ ከንፈሯ ላይ አየሁት። ታክሲው ሳይመጣ አረፈች። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

አጥበን ሳንጨርስ ኢፍቱ ከነልጇ ደረሰች። አርባዋ አልሞላም፣ ግን ማን ይከልክላት? ከተደወለላት ገና የማጠቢያው ውሃ እንኳን አልቀዘቀዘም ነበር፤ መንገዱ ይኸው ነው እኮ። እናቷ ላይ ወድቃ አልቅሳ አልቅሳ ስትወጣ አባቷን በረንዳው ላይ አገኘችው።

«አባ፣ ለምን አላመጣሃትም?»

«ባትሪው…» ብሎ ጀመረ። እኔም ልረዳው አልቻልኩም፣ ልቆጣውም አልቻልኩም።

ከቀብር ሲመለሱ ሙስዓብ ሕፃኑን ዘረጋለት፣ ሐዘንተኛን ልጅ ያጽናናዋል ብሎ። አብዱልሃዲ ሁለት እጁን ከጀርባው ሸሸገ። «እሷ ያላቀፈችውን እኔ በየትኛው እጄ?» አለ። ሐዘን ነው፣ ያልፋል አልን። ዱዓ ተደረገ፣ ሰውም ተበተነ።

አሁን ልጁ መሄድ ጀምሯል። ኢፍቱ ስትመጣ በረንዳው ላይ ትለቀዋለች። አያቱ ያጫውተዋል፣ ብርቱካን ልጦ ያጎርሰዋል፣ ሲወድቅ «አይዞህ» ይለዋል። ልጁ እቀፈኝ ብሎ ሁለት እጁን ሲዘረጋለት ግን አብዱልሃዲ ብድግ ብሎ ወደ ቤት ይገባል። ያ ሕፃን ያለቅሳል፣ ሄጄ የማነሳው እኔ ነኝ።